ግድግዳ ውስጥ ያለችን አይጥ በቅደም ተከተል ማስወጣት

(ሐረር፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ ለአንድ ሠፈር ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ የሐረሪው መረዳጃ ማኅበር አፎቻውም፣ ዕድሩም አንድ ላይ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ለዚህ ጉዳይ አንድ ላይ መምጣት ግድ ነው። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እንጀራዬ የቤት ጥገና ነው። አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ውስጡን አያለሁ። የማሽላ ገለባ፣ የተበጣጠሰ ፌስታል፣ የልጅ ካልሲ፣ የደረቀ ገረባ (የጫት ትራፊ)፣ ተልጦ የተበላ የመብራት ገመድ። ይሄ ሁሉ ከልስኑ ጀርባ ይወጣል። እናንተ ከዚህ በኩል ተኝታችሁ፣ ከዚያ በኩል በአንድ ክንድ ርቀት ሌላ ቤተሰብ ልጅ ያሳድጋል።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልናገር። ግድግዳ ውስጥ የገባች አይጥን መርዝ አያስወጣትም። የሚያስወጣት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ምግቧንና ውሃዋን ትነሷታላችሁ። ቀጥሎ ትርፍ ቀዳዳዎቿን ትደፍናላችሁ። ከዚያ በቀረላት ዋና መንገድ ላይ በወጥመድ ትይዟታላችሁ። ያ ቀዳዳ የሚዘጋው በመጨረሻ፣ ግድግዳው ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ይሄ ሲገለባበጥ ነው ቤት የሚገማው፣ ድመት የምትሞተው፣ ልጅ ሆስፒታል የሚገባው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንግባ። የጀጎል ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። በሁለቱም ፊት ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል፣ መሃሉ በጭቃና በጠጠር ይሞላል፣ ላዩ በኖራ ይለሰናል። ጤነኛ ሲሆን አይጥ አትደፍረውም። ታዲያ ማን ከፈተላት? ዝናብ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ሚስማሩ ይላላል፣ አሸንዳው ይደፈናል፣ ውሃው በግድግዳው አናት ሰርጎ ይገባል። መሃል ያለውን ጭቃ በየክረምቱ እያጠበ ያወርደዋል። ድንጋዩ በቦታው ይቀራል፣ በመሃሉ ግን ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ከውጭ ስታዩት ግድግዳው ደህና ነው። ውስጡ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ የሚያወጣ መንገድ ሆኗል። ስለዚህ አይጥ ያስቸገረው ሰው ሲጠራኝ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው። ቆርቆሮው ካፈሰሰ፣ ታች የምንሠራው ሁሉ ለአንድ ክረምት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ከፋች ሲሚንቶ ነው። ይሄን ስል ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ሲሚንቶ ጠንካራ ነው ብለን ነው የምናምነው። ጥንካሬው ግን ለጭቃና ለድንጋይ ግድግዳ አይስማማም። አሮጌው ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ኖራ ይሄን ይፈቅድለታል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። እርጥበቱ ከልስኑ ጀርባ ይታመቃል፣ ጭቃው ይላላል፣ ሲሚንቶው ከግድግዳው ተላቆ ቅርፊት ሆኖ ይቆማል። በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከጀርባው ክፍተት አለ። አይጥ የምትፈልገው እንደዚህ ዓይነት ሞቃት፣ ጨለማና ጠባብ ቦታ ነው። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው። ከቅርስነቱ ባሻገር ግን ለቤታችሁ ጤና ስትሉም አሮጌውን ግድግዳ በጭቃና በኖራ ጠግኑት። የቆየ ቤት ያላችሁ ሰዎች ግድግዳ ከማፍረሳችሁ በፊት የቅርስ ባለሙያ አማክሩ።

ከግንቡ ውጭ፣ በአራተኛም በሸንኮርም በኩል የምትኖሩ፣ ወይም ድሬዳዋ ዘመድ ያላችሁ፣ የብሎኬት ቤት ችግሩ ሌላ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። የላይኛው ረድፍ ሳይሞላ ጣሪያ ከተጫነበት፣ አይጧ ከአናቱ ገብታ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ትወርዳለች። የላይኛውን ረድፍ በኮንክሪት መሙላት ነው መፍትሔው። በጭቃ ቤት ደግሞ ጭቃው ከእንጨቱ ሲላቀቅ መንገድ ይፈጠራል። ኮርኒስ ያለው ቤት ሁሉ ደግሞ፣ ጀጎልም ይሁን የድሬዳዋው ከዚራ፣ ከላይ ሰፊ ሜዳ አለው።

ስለ አይጧ ጥቂት እንወቅ። ቤታችን የሚገቡት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ትንሿ የቤት አይጥና ትልቋ፣ ጅራቷ ከሰውነቷ የሚረዝመው፣ በጣሪያና በገመድ ላይ መውጣት የምትችለው ጥቁር አይጥ። ትንሿ በእርሳስ ውፍረት ክፍተት ትገባለች። ትልቋ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካገኘች ይበቃታል። የፊት ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ስለዚህ ሲያኝኩ ነው የሚውሉት። እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ፎም፣ ያልጠነከረ ልስን ይበሳሉ። ብረት አይበሱም። እርግዝናቸው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። አንዷ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ልትወልድ ትችላለች፣ ልጆቿም በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። እስቲ ክረምቱ ሲያልፍ እናየዋለን የሚል ሰው ከዚህ ጋር ነው የሚሽቀዳደመው።

አንድ ልዩነት ደግሞ ለወጥመድ ይጠቅመናል። ትልቋ አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች። በመንገዷ ላይ ያልለመደችውን ዕቃ ካየች ለቀናት ትርቀዋለች። ትንሿ ግን ቶሎ ቀርባ ታሸተዋለች።

እሺ፣ የት እንዳለች እንዴት እናውቃለን? ድምፅ ብቻውን ያሳስታል፤ ግድግዳ ድምፅ ያዞራል። በቀን ብርሃን ቤቱን ከውጭ ዙሩት። የመብራት ገመድ የገባበትን፣ የውሃ ቱቦ የወጣበትን፣ የበር ሥር ክፍተትን፣ ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ያረፈበትን ቦታ እዩ። የቆርቆሮ ሞገድ ራሱ ቀዳዳ ነው፤ ብዙ ሰው አያየውም። ዛፍ ወይም ሐረግ ጣሪያውን ከነካ ቢያንስ አንድ ሜትር ይቆረጥ፤ ከዚያ በላይም ቢርቅ ጥሩ ነው፣ ዘላይ ናት። ቤት ውስጥ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ጥቁር ቅባታማ መስመር ፈልጉ። በአንድ መንገድ ስለምትመላለስ ጸጉሯ ግድግዳውን ያቆሽሸዋል። ማታ ከግድግዳው ሥር ስስ አመድ በትኑ። ጠዋት እግሯ ይታያል። ቀዳዳውንም በተጨማደደ ጋዜጣ ጠቅጥቁት። በማግስቱ ተገፍቶ ከወጣ ትመላለስበታለች። ለቀናት ሳይነካ ከቆየ የተተወ ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና ነው፣ ከብዙ ግምት ያድናችኋል።

ምግቡ ላይ አጭር ልሁን፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ማሽላው፣ በቆሎው፣ ጤፉ፣ የባቢሌው ኦቾሎኒ በማዳበሪያ ከረጢት ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ ሌላው ድካም ዋጋ የለውም። ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ይግባ። በርሜል ከሌለ ቢያንስ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ገረባውን በየቀኑ አውጡት። የተከማቸ ገረባ ለፍየል ምግብ ነው፣ ለአይጥ ደግሞ ጎጆ። ውሃውንም አትርሱ። እኛ አገር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ቤት በርሜልና ጀሪካን አለው። ትልቋ አይጥ በየቀኑ ውሃ መጠጣት አለባት። ያልተከደነ በርሜል ካለ ቤታችሁን የምትለቅበት ምክንያት የላትም።

አሁን መርዙ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው።

ሱቅ የሚሸጠው፣ ብዙ ጊዜ በቀለም የተነከረው የአይጥ መርዝ፣ አብዛኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዓይነት ነው። አይጧ ወዲያው አትሞትም። በልታ ከ3 እስከ 7 ቀን ትኖራለች። በእነዚህ ቀናት ትዳከማለች፣ ስትዳከም ደግሞ የምትሄደው ወደ ጎጆዋ ነው። ጎጆዋ ግድግዳችሁ ውስጥ ነው። ሻጩ «ውሃ ፈልጋ ውጭ ወጥታ ትሞታለች» ይላችኋል። እውነት አይደለም። ውጭ የምትሞትም አለች፣ እሷ ደግሞ ሌላ ጣጣ ታመጣለች። የደነዘዘችውን አይጥ ድመት ትይዛታለች። ጊዲር መጋላ ገበያ ላይ ከሰው እጅ ሥጋ የሚነጥቁትን ጭላቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነሱም ያነሷታል። መርዙ ወደ በላተኛው ያልፋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አይጥ የምትበላልንን ድመት ገድለን፣ አይጧን ለሚቀጥለው ወር እናስቀራለን።

ከዚህ እጅግ የባሰ አለ። ለእህል ነቀዝ ተብሎ የሚሸጥ ኪኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው። አንዳንድ ሰው ይሄን ኪኒን የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ በጭቃ ይደፍናል። እባካችሁ፣ ይሄን መኖሪያ ቤት ውስጥ ማንም እንዳያደርግ። ኪኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ የት እንደሚሄድ እናንተ አትወስኑም። በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ እናንተ መኝታ ቤት ወይም ጎረቤት ልጆች የተኙበት ክፍል ይገባል። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ቤት ቢደረስም ብዙ ጊዜ ማዳን ይከብዳል። ቤታችሁ ውስጥ ካለ ከሰው መኖሪያ አርቁትና ለግብርና ባለሙያ ጠቁሙ። ወደ ቆሻሻ ገንዳ፣ ወደ ቦይ፣ ወደ ውሃ አትጣሉት።

ልጅ የአይጥ መርዝ ነካ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ደህና ይመስላል ብላችሁ አትጠብቁ። ደም የማያረጋው መርዝ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። እንዲያስመልሰው አታስገድዱ፣ ወተት ይበቃል አትበሉ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ለዚህኛው ዓይነት ቫይታሚን ኬ አንድ የሚባል ማርከሻ አለው፤ ሐኪሙ ግን ምን እንደዋጠ ማወቅ አለበት። ማሸጊያ የሌለውን፣ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን መርዝ ጨርሶ አትግዙ የምለው ለዚህ ነው።

በርበሬ ማጨሱ ለአንድ ሁለት ቀን ያርቃታል። ከዚያ ትመለሳለች፣ ወይም ጎረቤት ትገባለች። እንጨት ጣሪያ ባለው ቤት ደግሞ እሳት ያስነሳል። ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ በድምፅ አይጥ ያባርራል የሚባለው ዕቃም አያዋጣም። ድምፁ ግድግዳ አያልፍም፣ አይጧም ትለምደዋለች። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2001 እ.ኤ.አ. ከ60 ለሚበልጡ የእነዚህ ዕቃዎች አምራቾችና ሻጮች፣ ለምትናገሩት ሳይንሳዊ ማስረጃ ይኑራችሁ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ድመት ትንሿን ትይዛለች፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግድግዳ ውስጥ ግን አትገባም።

የሚሠራው ባለ ሞላ ወጥመድ ነው። አንድ አይበቃም፤ በርከት አድርጉ። ማጥመጃው ላይ የአተር ፍሬ የምታህል የተቆላና የተወቀጠ ኦቾሎኒ ቀቡበት። ለሐረር ሰው ኦቾሎኒ አይጠፋም። ወጥመዱን ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ መሃል ወለል ላይ አትሄድም። አሁን ትልቋ አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች ያልኳችሁን አስታውሱ። ለሦስት አራት ቀን ወጥመዱን ሳትወጥሩ ምግቡን ብቻ አብሏት። ስትለምድ ሁሉንም በአንድ ምሽት ወጥሩ። ወጥመዱን በቀጭን ሽቦ ከምስማር ጋር እሰሩት፣ ካልሆነ ቆስላ ይዛው ቀዳዳ ትገባለች። ሕፃን ያለበት ቤት ወጥመዱ በሁለት በኩል ቀዳዳ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። የሚያጣብቀውን ሙጫ አልወደውም። እንስሳዋን ለሰዓታት ያሠቃያል፣ ጫጩትና እንሽላሊትም ይይዛል።

ወጥመዱ ከመወጠሩ በፊት ትርፍ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ ብዙ የምትመላለስበት አንዱ ክፍት መቅረት አለበት። በዚያ በር ፊት ነው ወጥመዱ የሚበዛው። አመዱ ላይ ዱካ ጠፍቶ፣ ጋዜጣው ሳይነካ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲያልፍ፣ ያኔ የመጨረሻው ይደፈናል።

አደፋፈኑ እንዴት ነው? ልማዳችን የተሰበረ ጠርሙስ ከጭቃ ጋር ለውሶ መድፈን ነው። ጭቃው ለስላሳ ከሆነ ጠርሙሱን ትታ በጎኑ ትቆፍራለች፣ በሚቀጥለው ጥገና ደግሞ የግንበኛውን እጅ ይቆርጣል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የላላውን ጭቃ እስከ ጠንካራው ድረስ አወጣለሁ። ባዶውን በድንጋይና በጭቃ አጥብቄ እሞላለሁ። ከዚያ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የብረት ወንፊት ሽቦ አልብሼ፣ ጠርዙን በድንጋዮቹ መሃል አስገብቼ፣ በኖራ እለስነዋለሁ። በብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በሲሚንቶ፣ እዚያ ይስማማል። ለቱቦና ለገመድ ክፍተት ድስት የምንፈትግበት የሽቦ መፈተጊያ ጠቅጥቆ ላዩን መለሰን ይሠራል። የቆርቆሮውን ሞገድ በወንፊት ሽቦ ዝጉት። የእንጨት በር ሥር የቆርቆሮ ጥብጣብ ምቱበት። ከመድፈናችሁ በፊት የተበላ ገመድ ካለ መብራት ሠራተኛ ይቀይረው። የተላጠ ገመድ ደረቅ ጎጆ ላይ ብልጭ ካለ ቤት ይቃጠላል።

ጽዳቱን ሰው ይንቀዋል። ኩሷንና የሽንቷን ቦታ በደረቁ አትጥረጉ፣ አቧራው ይተነፈሳል። መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጓንትና ማስክ አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በጨርቅ ይነሳ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። በአይጥ ሽንት በተበከለ ውሃ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ በእግር ቁስል ሊገባ ይችላል፤ በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፍ የተስቦ ዓይነትም አለ። ስለዚህ ከጽዳት በኋላ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት የያዘው ሰው፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም አይጥ እንደነበረ ይናገር።

አሁን ለምን አንድ ላይ እንደጠራኋችሁ። የጀጎል ግድግዳ የአንድ ሰው አይደለም። የእናንተ ጓዳ ግድግዳ የጎረቤት መኝታ ቤት ግድግዳ ነው። አንዱ ቤት በኩል ብንዘጋ አይጧ በሌላው በኩል ትወጣለች። ሁለት ሦስት ወር ቆይታ ትመለሳለች፣ ጎረቤትም ከጎረቤት ይቀያየማል። ስለዚህ አንድ መተላለፊያ ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጀምሩ። ወጥመዱን አፎቻውና ዕድሩ በጋራ ይግዙት፣ ከቤት ቤት ይዙር። ጊዜው ጥቅምት ይሁን። ዝናቡ ስላበቃ ኖራው ይደርቃል፣ አዲሱ ማሽላም ገና አልገባም። ኅዳርና ታኅሣሥ እህሉ ከገባ በኋላ ከጀመርን፣ ለጠገበች አይጥ ወጥመድ ስንዘረጋ እንከርማለን።

ጥያቄ አለ? እሺ እማማ።

«ልጄ፣ ግድግዳው ውስጥ የሞተች አለች፣ ቤቱ ገማ። ግድግዳውን ላፍርስ?»

አያፍርሱ እማማ። መጀመሪያ ሽታው የሚበረታበትን ቦታ በአፍንጫ እንፈልገው፣ ዝንብ የሚያርፍበትም ይጠቁማል። ብዙ ጊዜ ከወለሉ አጠገብ ወይም ከመቀመጫው መደብ፣ ከነደባው ጀርባ ነው። ከተገኘ ጡብ የምታህል ቦታ ብቻ ከፍቼ አወጣታለሁ፣ በበረኪና አጥቤ መልሼ እለስነዋለሁ። ካልተገኘ ሽታው በጥቂት ሳምንት ደርቆ ይጠፋል፣ መስኮት ክፍት ይሁን። ነገ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ።

ከኋላ ያለሽው እህቴ? «ተከራይ ነኝ፣ አከራዩ አልጠግንም አለ» ነው ያልሽው። ግድግዳ መክፈት ያለ እሱ ፈቃድ አትችይም። ግን እህልሽን በርሜል ውስጥ አስገቢ፣ የውሃ በርሜሉን ክደኚ፣ የበሩን ሥር ቆርቆሮ ምቺበት፣ የቱቦውን ክፍተት በሽቦ መፈተጊያ ጠቅጥቂ። ይሄ ብዙ ወጪ የለውም፣ ስትለቂም ቤቱን አያበላሽም። አከራዩን ደግሞ በገመዱ በኩል ይዘሽ አናግሪው። የተላጠውን ሽቦ በስልክሽ አንሺና አሳዪው። ስለ አይጥ ሲሰማ ዝም የሚል አከራይ፣ ቤቱ ሊቃጠል እንደሚችል ሲያይ ይመጣል። የዕድሩ ሽማግሌዎችም እዚህ ስላሉ አብረውሽ ይሂዱ፤ አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ።